የግቢያችን ባራኪ

ባሌ ከሞተ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ ዶሮ መግዛቱ አልነበረም፤ ዶሮውን የሚባርክልኝ ወንድ ማግኘቱ ነበር። በእኛ አገር ሴት አታርድም። ሽንኩርቱን የምትከትፈው፣ ወጡን የምታቁላላው፣ ዶሮውን በየብልቱ የምታወጣው እርሷ ናት፤ አንገቱ ላይ ቢላዋ የሚያሳርፈው ግን ወንድ መሆን አለበት። ቤቷ ወንድ የሌለባት ሴት በአንድ እጇ አውራ ዶሮ፣ በሌላው ቢላዋ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። እኔም ጎንደር፣ ልደታ ሠፈር፣ ከግቢዬ በር ላይ ቆሜ "ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ" ስል ኖሬያለሁ። የሰከረውም አጋጥሞኛል፣ ቢላዋሽ ደንዟል ብሎ የተቆጣኝም፣ ባርኮ ሲያበቃ "ብቻሽን ነሽ እንዴ የምትኖሪው?" ያለኝም።

ስለዚህ ዕንባቆም አዲስ ሚስቱን ይዞ ከሰርቪስ ቤቶቼ አንዱን ሊከራይ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። እሰይ፣ ወንድ ገባልኝ አልሁ በልቤ። ቤቱንም ሳላመነታ ሰጠሁት።

ዕንባቆም ፀጉር አስተካካይ ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት ያላት ጠባብ ቤት አለችው። አባቱ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እርሱም አነጋገሩ ለስላሳ፣ ለታላቅ የሚነሣ፣ የሰው ቤት ሲገባ አንገቱን የሚደፋ ጨዋ ልጅ ነው። ጢሜን በምላጭ ላጨኝ የሚለውን ደንበኛ "ምላጭ በሽታ ያስተላልፋል፣ በማሽን ብቻ ነው የምሠራ" ብሎ ይመልሰዋል። ጥንቁቅ ልጅ ነው እንል ነበር።

ሚስቱ ወለላ የዳባት ገጠር ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ዳኛው የአንዲት ደብር አገልጋይ ናቸው። ወለላ ከሰው ጋር ቶሎ አትግባባም፤ ከጎረቤት ሁሉ የቀረበቻት ማዶ ያለችው ሕይወት ብቻ ነበረች።

ዕንባቆምን የወደድሁት በቤት ሥራ ስለማያፍር ነው። የግቢው ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ሠፈሩ ቧንቧ ይወርዳል። ልብስ ያጥባል፣ ሽሮ ይሠራል፤ ሚስቱ አርግዛ ሲያስመልሳት ባልዲውን ይዞ አጠገቧ ይቀመጣል። በማኅበራችን ለሚሰበሰቡ ሴቶች "የእኔን ተከራይ ባየሽው" እያልሁ እመጻደቅበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ባሌ ነፍሱን ይማረውና አንድ ብርጭቆ እንኳ አጥቦ አያውቅም።

አንድ ቀን ቁልፍ ላቀብለው ሱቁ ብሄድ ጓደኞቹ ተሰብስበው ሲያበሽቁት ደረስሁ። መለሰ የሚባለው የባጃጅ ሹፌር ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ "ትናንት ቀሚስ ስታሰጣ ታይተሃል አሉ" ይለዋል። ዕንባቆምም "የሚስቴ ቀሚስ ነው፣ የሰው አይደል" ብሎ ሣቀ። ፀጉሩን የሚቆረጠው ዓለምነው ባንክ ቤት የሚሠራ፣ የተማረ ነኝ ባይ ልጅ ነው።

"እኔ በእኩልነት አምናለሁ" አለ ዓለምነው፣ ጎኑን በመስታወቱ እያየ። "ሴት ትማር፣ ትሥራ፣ ሚኒስትርም ትሁን። ወንድም ካማረው ልብስ ይጠብ። ግን ለወንድ ብቻ የሚቀር አንድ ነገር ያስፈልጋል። እሱንም እሷ ከሠራችው እኛ ምን ልንባል ነው?"

ዕንባቆም ማሽኑን አጠፋ። ሊያጸዳው መሰለኝ።

የመጀመሪያው ፋሲካ ሲደርስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶሮዬንና ቢላዋዬን ይዤ ደጁ ቆምሁ። ፊቱ ትንሽ የጠቆረ መሰለኝ። ተቀበለኝና ከማድቤቱ ጀርባ ሄደ። ወለላም ውኃ ይዛ ተከተለችው። ጥቂት ቆይቶ የታረደውን ዶሮ ይዞ መጣ፤ ጣቶቹ ደም ነክቷቸዋል። አንገቱን ባየው እንዴት ያለ ንጹሕ እርድ! "እጅህ ይባረክ" ብዬ ግንባሩን ሳምሁት። ወሬውን ለሕይወት ነገርኋት፣ ሕይወት ለሌላዋ፣ ሌላዋ ለሌላዋ። በቀጣዩ ዘመን መለወጫ ባል የሌላቸው፣ ባላቸው ሳንጃና ሑመራ የወረደባቸው፣ ልጃቸው በየበረሃው የቀረባቸው ሴቶች ሁሉ ዶሮ ታቅፈው ግቢዬ ውስጥ ተሰለፉ። ሠፈሩ ባራኪው ዕንባቆም አለው። በር ላይ መቆም ቀረልን።

ከማድቤቱ ጀርባ ይሆን የነበረውን ወለላ በኋላ ነግራኛለች፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ዕንባቆም ደም ማየት አይችልም። በልጅነቱ አጎቱ ቢላዋ አስይዞ ዶሮ እረድ ብሎት፣ ግማሽ አንገቱ የተቆረጠ ዶሮ ከእጁ አምልጦ ሲንደፋደፍ እርሱ ራሱን ስቶ ወደቀ። አጎቱም ጎረቤት ጠርቶ "ኑ ሴቲቱን እዩልኝ" እያለ አሣቀበት። ከዚያ ወዲህ ቢላዋና ደም አንድ ላይ ሲያይ ጆሮው ይጮኻል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። በዚያ የመጀመሪያ ፋሲካ ወለላ ውኃ ይዛ ከኋላው ስትደርስ ግድግዳው ተደግፎ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። ቢላዋውን ከእጁ ወሰደች፣ አማተበች፣ ዶሮውን ባረከችው። እርሱም ጣቶቹን ደም አስነካና ዶሮውን አንጠልጥሎ ወጣ። ከዚያም በኋላ በየበዓሉ እንዲሁ ሆነ፤ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

እኔ የማውቀው በዓል ሲቃረብ ጠባዩ እንደሚለወጥ ብቻ ነበር። ምግብ ይጠላል፣ በትንሽ ነገር ይደነግጣል፣ የዶሮ ድምፅ ሲሰማ ዞር ብሎ ያያል። ሥራ በዝቶበት ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው ምን ያህል ፈርቶ እንደኖረ ይገባኛል። አንዲት ሴት አንድ ቀን በማድቤቱ በኩል ዞር ብትል ያ ሁሉ ስም፣ ያ ሁሉ ምርቃት ይፈርስ ነበር። ከእርሱ ይልቅ ደግሞ የሚፈረደው ወለላ ላይ ነው። ሠፈሩን ሙሉ ሴት ያረደችውን አበላች ይባላልና።

በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ወለላ ወለደች። ምጡ ስለጠናባት በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ሴት ልጅ፣ ሸጋ፣ ዓይኗ ጎላ ጎላ ያለ። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ እንዳትጎነበስ አስጠንቅቆ ሰደዳት። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ዕንባቆም ልጅ በማግኘቱ ከመደሰት ይልቅ ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። የሕፃኗን ጨርቅ ያጥባል፣ አጥሚት ይሠራል፣ ግን ሲጠሩት አይሰማም። በዚህ መሐል ቄስ ዳኛው ስልክ ደወሉ። መንገዱ በየጊዜው ስለሚዘጋ ክፍት በሆነበት ቀን ቀድመው እንደሚመጡ፣ ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውም በግ እንደሚያመጡ ተናገሩ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ምነው ልጄ?" አልሁት።

"እትየ፣ በጉን መለሰ ቢያርደው አይሻልም? እሱ በበግ ጎበዝ ነው" አለኝ።

ሣቅሁበት። "ባራኪው አንተ እያለህ? ቄስ ዳኛው ምን ይሉሃል? ለልጅህ የመጣ በግ እኮ ነው።" እኔ ሙገሳ መስሎኝ ነው፤ እርሱ ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

ቅዳሜ ዕለት ሴቶቹ ዶሮ ታቅፈው ሲመጡ ዕንባቆም የለም። የበዓል ፀጉር በዝቶብኝ ነው ብሎ ሱቁ ዋለ። ልጅ ቢላክ አይመጣም፣ ስልክ ቢደወል አያነሣም። ሴቶቹ እያጉረመረሙ ሄደው እንደ ድሮው በየበራቸው ቆሙ፤ እኔም ቆምሁ። ወለላ በመስኮቷ ታየናለች፤ አንድ ጊዜ ልትነሣ ስትል ሆዷን ይዛ ተመለሰች። ቀሚሷን ልታስተካክል ነው ያልሁ።

የፋሲካ ዕለት ጧት በጉ ከግቢያችን ብሳና ዛፍ ሥር ታስሯል። ነጭ፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር። ቄስ ዳኛው ወንበር ወጥቶላቸው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። መለሰና ዓለምነው እግር ሊይዙ አዲስ ልብስ ለብሰው መጥተዋል። እኔ ሳፋ ይዣለሁ።

"እንግዲህ መለሰ..." አለ ዕንባቆም።

"አይ" አሉት አማቹ። "እኔ ሥጋ ወደሙን የምነካበት እጅ ነው፣ ደም አላፈስበትም። እንዲያ ባይሆንማ ራሴ ባረክሁት። የልጅቱ አባት አንተ ነህ፣ በስምህ ባርከው ልጄ።"

ዕንባቆም ቢላዋውን አነሣ። ወደ ቤቱ መስኮት አንዴ አየ። ቢላዋውን መልሶ አስቀመጠና እንደገና አነሣው፤ መለሰ እንደውም "ጧት ምን ጠጥተህ ነው?" ብሎ ቀለደ። ከዚያ ዕንባቆም ዓይኑን ጨፍኖ ቢላዋውን ሰደደው።

ስቶታል። በጉ ዘለለ። ዓለምነው ነጭ ሱሪው ደም እንዳይነካው እግሩን ለቀቀ። በጉ ተነሥቶ፣ ከአንገቱ ደም እያዘራ፣ ሳፋዬን ገልብጦ በግቢው ዞረ። ሲተነፍስ ከጉሮሮው ያፏጫል። ዕንባቆም ግድግዳው ሥር እንደ ጆንያ ወደቀ። መለሰ ይጮኻል፣ አጥር ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች ይሥቃሉ፣ ቄስ ዳኛው ቆመው ያማትባሉ፤ እኔ ደግሞ ዕንባቆም የሞተ መስሎኝ እሪ እላለሁ።

"ያዙት!"

የወለላን ድምፅ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ወጣች። መለሰ በጉን ጥግ አስይዞ ጣለው። ቢላዋውን አነሣች፣ በበጉ ትከሻ ላይ ተንበረከከች፣ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳበችው። በጉ ጸጥ አለ። ያንን እርድ ሳየው ገባኝ። ዓመት ሙሉ "እጅህ ይባረክ" እያልሁ የመረቅሁት የማን እጅ እንደነበረ ገባኝ።

ወለላ ግን አልተነሣችም። ቀሚሷ ላይ ያለው ደም የበጉ መስሎኝ ነበር፤ እየሰፋ ሄደ።

"አሁን ይኸ ሥጋ ይበላል?" አለ ዓለምነው።

"አራስ ያረደችውን? ኧረ እኔስ አፌ ላይ አላደርሰውም" አለ መለሰ።

"የመጀመሪያው ቢላዋ እኮ የዕንባቆም ነው። ወንድ የጀመረው እንደ ወንድ ይቆጠር ይሆናል።"

"የጨረሰችው እሷ ናት እኮ!"

ወለላ ከፊታቸው እየደማች፣ ሁለት ጎረምሶች በበግ ሬሳ ይከራከራሉ። ሳፋውን አንሥቼ የዓለምነውን ጀርባ በሱ አልሁት። አላፍርበትም። "ባጃጅህን አስነሣ!" ብዬ መለሰ ላይ ጮኽሁ። ዕንባቆም ያን ጊዜ ነቅቶ ኖሮ፣ ደሙን አየ፣ እንደገና ሊወድቅ ሲል ግድግዳውን ያዘ፤ ከዚያም እየተንገዳገደ መጥቶ አቀፋትና ተሸክሟት ሮጠ።

ቄስ ዳኛውና እኔ ሕፃኗን ይዘን ተከተልን። ሆስፒታል እስክንደርስ ልጅቷ እናቷን ብታጣስ እያልሁ ስለቴን ሁሉ ለልደታ ተሳልሁ። ሐኪሙ ሲወጣ የተከፈተው የላይኛው ስፌት ብቻ እንደሆነ፣ እንደገና እንደሚሰፋ፣ እንደምትድን ነገረን። ያኔ ነው የተቀመጥሁት።

ዕንባቆም አግዳሚው ላይ ግንባሩ አብጦ ተቀምጧል። ቄስ ዳኛው አጠገቡ ተቀመጡ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታርድልህ?" አሉት።

"ከመጀመሪያው በዓል ጀምሮ፣ አባ።"

ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። "የእኔንም ቤት ዶሮ የምታርደው እሷ ነበረች" አሉ። "እኔ አላርድ፣ ወንድ ልጅ የለኝ። ጎረቤቶቻችን ለሰሊጡ ሥራ ቆላ ሲወርዱ መንደሩ ወንድ ያጣል። ከቅዳሴ ስመለስ ዶሮው ታርዶ አገኛለሁ። ማን ባረከው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ መብላቴም ይቀራል፣ ልጄም መዋረዷ ነው። ለአንተ ስሰጣት፣ የከተማ ልጅ ነው፣ የሠለጠነ ነው፣ እንግዲህ ተደብቃ አትኖርም ብዬ ነበር።"

ዕንባቆም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም ሕፃኗን እያባበልሁ አለቀስሁ። የበላሁትን ዶሮ ሁሉ በኋላ ለነፍስ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ምን እንዳሉኝ የእኔና የእርሳቸው ነው። ዶሮው እንደሆነ ድሮ ተፈጭቷል።

ወለላ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ አባቷ ወደ አገራቸው ሄዱ። ዕንባቆም ለጥቂት ቀን ከአልጋዋ ሥር አልጠፋም። አንድ ቀን ግን ጧት ተነሥቶ እንደ ወትሮው ሳይሆን ደረቱን ነፍቶ ወጣ። በኋላ እንደሰማሁት ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ማሽኑን አጥፍቶ "ስሙኝ" አለ። በጉን ያረደችው ሚስቴ ናት፤ ዓመት ሙሉ በሠፈሩ የታረደውን ዶሮ ሁሉ ያረደችው እርሷ ናት፤ እኔ ደም አይቼ መቆም አልችልም፤ የሚሥቅ ይሣቅ አለ። መለሰ ሣቀ። ዓለምነው ፀጉሩ በግማሽ ተቆርጦ ሳለ ተነሥቶ ወጣ። ዕንባቆም በዚህም አላበቃም። ሲመለስ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ቧንቧው ጋ አስቁሞ ለእነሱም ነገራቸው።

እርሱ በር ከመድረሱ በፊት ወሬው እኛ ዘንድ ደርሷል። ሕይወት መጣች። ለልጅቱ ክርስትና እናት ልትሆን ቃል የገባችው ሕይወት ናት። ወደ ቤት አልገባችም፣ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"እውነት ነው?" አለቻት።

ወለላ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"እኔ ለሥጋው አይደለም" አለች ሕይወት፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። "ባለቤቴ ከቤትሽ ያንን ሁሉ በልቶ... አብረሽኝ እየዋልሽ አንድ ቀን ሳትነግሪኝ! ለክርስትናው ሌላ ሰው ፈልጊ።" ሄደች።

ወለላ አላለቀሰችም። ሕፃኗን ለእኔ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ልጅቷን እወዘውዛለሁ።

ዕንባቆም በዚህ መሐል ገባ። እንደዚያ ቀሎት አይቼው አላውቅም። ዓይኑ ያበራል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጇን ሊይዝ ይዘረጋል።

"ነገርኋቸው ወለላ! ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ሱቅም፣ ቧንቧም። ከእንግዲህ አትደበቂም።"

ወለላ ቀስ ብላ ዞረች። "ማን ንገር አለህ?"

ደነገጠ። "አባትሽም እኮ... እኔ ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ስትፈራ ደበቅኸኝ" አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ስፌቱ እንዳያማት ይመስለኛል። "ድፍረት ሲመጣልህ ደግሞ አደባባይ አወጣኸኝ። ሁለቱንም ጊዜ እዚሁ ነበርሁ፣ ሩቅ አገር አልሄድሁም። ሕይወት አሁን ከደጄ ተመለሰች። የልጄ ክርስትና እናት ቀረች። ነገ ቧንቧ የምወርደው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። አንተን 'እውነተኛ ልጅ ነው' ይሉሃል። እኔን ምን እንደሚሉኝ አስበሃል?"

ዕንባቆም እጁን ሰበሰበ። ወደ እኔ አየ፣ እኔ ግን ዓይኔን ከሕፃኗ አላነሣሁም፤ የመለሰና የዓለምነው ብጤ ቢሆን ኖሮ የምለው አይጠፋኝም። ከዚያ በጣም ዝግ ብሎ፣ እንደሚፈራ ሰው ጠየቃት።

"እሺ፣ አንቺ ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?"

ወለላ አፏን ከፈተች፤ መልስ ያላት መስሏት ነበር። ዕንባቆምን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጇን አየች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

"አላውቅም" አለች። "ማን ጠይቆኝ ያውቃል?"